ማን በድሎ ነው?

ኑ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የወላይታ ነው፤ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የሆነ። ሶዶ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ሕንፃው ይነሳል፣ ባጃጁ ይጋፋል። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ሲሉ ግን እንሰቱ፣ ጎዳሬው፣ ቡናው ይጀምራል፤ ከእነሱ ሁሉ ሥር ደግሞ ያ ቀይ አፈር አለ። ክረምት ሲገባ ጭቃው እግርን ይዞ አይለቅም። በጋ ሲሆን ደቅቆ አቧራ ይሆንና በእግር ጣት መሃል ይሰገሰጋል። ገበሬው በባዶ እግሩ ያርሰዋል፣ እናት በባዶ እግሯ ውኃ ተሸክማ ትወጣበታለች፣ ሕፃኑ በባዶ እግሩ ይሯሯጥበታል። በአገራችን ገጠሮች መካከል የወላይታን ያህል ሰው የተጨናነቀበት ጥቂት ነው፤ ያንን ሁሉ ሕዝብ የሚያበላው ይኸው አፈር ነው።

አንዲት ልጅ አለች እንበል። ስም አልሰጣትም፤ በዚያ አገር እንደ እሷ ያሉ ብዙ ናቸው። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ገደማ ነው። አንድ ማታ እግሯን ያሳክካታል፣ ይለበልባታል፣ ያብጣል። ጠዋት ስትነሳ እብጠቱ ጎድሏልና ትረሳዋለች። ከወራት በኋላ ግን ጠዋትም አይጎድልም። ቆዳው እየጠጠረ ይሄዳል፤ ጣቶቿ ላይ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ይወጣል፤ በጉብታዎቹ መሃል እርጥበት ይቋጥርና ይሸታል፤ ዝንብ ይመጣል። በየጊዜው ደግሞ ትኩሳቱ ይነሳና እግሯ እየነደደ ለቀናት ከመደብ ላይ ይጥላታል። ሰዉ ዝሆኔ ይለዋል።

ትምህርት ቤት አብራት የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ትቀይራለች። ጥቂት ቆይታ እሷም ትምህርቱን ትተዋለች። ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ቤተሰብ «በዘራቸው አለ» ሲባል ይቀራል፤ እግሯ ደህና የሆነው እህቷ ሳትቀር በእሷ ምክንያት ሳታገባ ትቀመጣለች። ለቅሶ ቤት ጥግ ትይዛለች፤ ውኃ ሲቀዳላት በተለየ ጣሳ ነው። እሑድ ጠዋት መጀመሪያ የኋለኛው አግዳሚ ላይ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ፣ ከዚያ እቤቷ ትውላለች። ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። በወላይታ ሕሙማኑን ቁጭ ብለው ያነጋገሩ ተመራማሪዎች ከትምህርት ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ የተገለሉ፣ ትዳር የተከለከሉና የፈረሰባቸው፣ ሞታቸውን የተመኙ እንዳሉ ጽፈዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያቺን ልጅ የሚሰብራት ግን ጎረቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እናትየዋን የምትጠይቃት ነገር ነው። «ማን በድሎ ነው?» ትላታለች።

ጥያቄው የወላይታ ብቻ አይደለም። ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ጌታቸውን የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ እሱ ነው የበደለው ወይስ ወላጆቹ? እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ተብለው ተመለሱ። ያን መልስ ያልሰማ ክርስቲያን የለም። ጎረቤቲቱም ሰምታዋለች።

እንግዲህ የዳሞታ ዙሪያ ሰው ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የሰጠውን መልስ ልተርክላችሁ።

ቀድሞ ሕመም ወደ ቤት ሲገባ የሚጠረጠረው መንፈስ ነበር። ከላይ ሁሉን የፈጠረው ጦሳ አለ፤ እሱ ግን ሩቅ ነው። ቅርብ ያለው፣ የሚፈራው፣ ደም የሚፈልገው ጠላሄ ነው። ልጅ ሲታመም አዋቂ ይጠየቃል፣ የሚታረደው ይታረዳል። ድሃው ያለችውን አንዲት በግ ይሰጣል፤ ልጁ ካልዳነ ደግሞ የተሰጠው አልበቃም ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ዓለም ክፉ ነገር ከየት መጣ ብሎ የሚጨነቅ የለም፤ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ጭንቀቱ ዋጋው ስንት ነው የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ግድም ከጋሞ ደጋ ኤሳ ላሌ የሚባል ሰው ተነሣ። በጋሞ፣ በጎፋ፣ በወላይታ እየዞረ፣ ለጠላሄ መሠዋት ይቅር፣ ጸሎት ለጦሳ ብቻ ይሁን አለ። ሰዉ እጁን ወደ ሰማይ እንዲያነሳ፣ ጣቱን ማር ነክሮ ወደ ላይ እንዲረጭ አስተማረ። አትስረቅ፣ አትዋሽ፣ አታመንዝር አለ። ሕዝብ ተከተለው፤ ሹማምንቱም የተሰበሰበውን ሰው አይተው ሰጉና አሰሩት። ኤሳ ያደረገውን ልብ በሉልኝ። ለመንፈስ የሚከፈለውን ዕዳ ሰርዞ ሰውን በገዛ ሥራው ፊት አቆመው። ለእኔ ይህ ሰው በደቡብ ኢትዮጵያ የሃይማኖት ታሪክ ውስጥ ሊሰጠው ከሚገባው ቦታ ግማሹን እንኳ አላገኘም።

ከዚያ በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሯቸው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ወላይታ ገቡ፤ ዛሬ ቃለ ሕይወት የምንለው ቤተ ክርስቲያን ሥሩ እዚያ ነው። እነሱም፣ ከእነሱ በፊት በአገሩ የነበረው የኦርቶዶክስ ትምህርትም በአንድ ነገር ይስማማሉ። እግዚአብሔር ሰውን ነጻ ፈቃድ ሰጥቶ ፈጠረው፤ ክፋት የመጣው ሰው በፈቃዱ መርጦ ነው። ይህን ነገር የሂፖው አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት በሰሜን አፍሪካ ተቀምጦ በሰፊው ጽፎበታል። ፍቅር በግድ ስለማይሆን ፈቃድ ተሰጠ፤ ፈቃድ ካለ ደግሞ እምቢታም ይኖራል።

ለወላይታ ሽማግሌ ይህ መልስ ባዶ ቃል አልነበረም። አባቱ የ1887 ዓ.ም. ዘመቻ አይቷል። ያን ዓመት የአፄ ምኒልክ ጦር ወላይታ ገባ፤ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ተዋጋ፣ ቆሰለ፣ ተማረከ። ከጦሩ ጋር የተጓዘ ቫንደርሄም የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ በዓይኑ ያየውን ግድያ፣ የተነዳውን ከብትና የተማረከውን ሰው መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1896 አሳትሞታል። ያንን ጠላሄ አላደረገውም። የሰው እጅ፣ የሰው ትእዛዝ ነው።

በኋላም ኢጣልያ መጣ። በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ከሶዶ ሲወጡ የተዉት የተጠመቀ አማኝ 48 ያህል ነበር። አማኞቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ የጸሎት ቤታቸው ፈረሰ፤ ዋንዳሮ ዳባሮ ከታሰሩትና ከተገረፉት አንዱ ነው። ጦርነቱ አልፎ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ቁጥር 10,000 ያህል እንደነበር ሬይሞንድ ዴቪስ በመጽሐፉ ተርኮታል። እንግዲህ እዚህ ላይ የነጻ ፈቃድ ትምህርት በሁለት እግሩ ይቆማል። ገራፊው አለንጋውን ያነሳው ወድዶ ነው። ዋንዳሮም አልክድም ያለው ወድዶ ነው። ያኛው ክፋት፣ ይኼኛው እምነት ሊባል የቻለው ሁለቱም ሌላ ማድረግ ይችሉ ስለነበር ነው። ለዚህ መልስ እኔም አሜን እላለሁ።

ያቺስ ልጅ?

አሁን ወደ አፈሩ ልመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ጋር ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ስለ ዝሆኔ አንድ ነገር ገረመው። በሌላ አገር ዝሆኔን የምታመጣው በትንኝ የምትተላለፍ ትል ናት። በእኛ ደጋ ግን ትሏም ትንኟም የለችም፤ እግሩ ግን ያብጣል። ፕራይስ በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን የብሽሽት ዕጢ በአጉሊ መነጽር ሲመረምር ከአፈር የገባ የማዕድን ብናኝ አገኘ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያለ፣ ዝናብ የሚበዛበት ቀይ ሸክላ አፈር በቆዳ በኩል ሰርጎ ይገባል፤ የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላል፣ ይዘጋል፤ ፈሳሹ መውጫ ያጣና እግሩ ላይ ይጠራቀማል። በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ አሉት። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ዞን ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው ይህ በሽታ እንዳለበት አገኘ። ሌላ ጥናት ደግሞ ሕሙማኑ ሊሠሩበት ከሚችሉት ቀን ውስጥ 45 በመቶውን እንደሚያጡ አሰላ። ገበሬ ናቸው፤ የጠፋው ቀን የጠፋ እህል ነው።

ታዲያ ሁሉም ባዶ እግሩን ይሄድ የለም ወይ፣ ለምን እሷን ብቻ? ትሉኝ ይሆናል። ይህንንም መረመሩት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ከወላይታ በተወሰደ ናሙና የተሠራ ጥናት፣ የሰውነት መከላከያ ባዕድ ነገርን በሚለይበት የዘረ መል ክፍል ላይ ልዩነት ያላቸው ሰዎች ለበሽታው የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ። «በዘራቸው አለ» ያለችው ጎረቤት ጫፉን ይዛዋለች ማለት ነው፤ ነገር ግን ከወላጅ የወረደው የቆዳና የደም ነገር እንጂ በደል አልነበረም።

እስቲ ቁጠሩልኝ። አፈሩን አልመረጠችውም። ከፍታውን፣ ዝናቡን አልመረጠችም። ከእናት ከአባቷ የወረሰችውን አልመረጠችም። በዚህ ውስጥ ፈቃዷ የት አለ? ሰባኪው መድረክ ላይ ቆሞ መከራ የኃጢአት ፍሬ ነው ሲል፣ እሷ በሩ አጠገብ ሆና የምትሰማው ክስ ነው። ፈጣሪን ከወቀሳ ለማዳን የተዘጋጀው መልስ ሄዶ ሄዶ ወቀሳውን በሙሉ አንዲት ልጅ እግር ላይ ያራግፈዋል። እግዚአብሔር ጠበቃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ ካስፈለገውም በእሷ ላይ በመመስከር የሚከላከልለት ጠበቃ አይወድም ብዬ አምናለሁ።

ጫማውስ? ካላችሁኝ፣ አዎ፣ እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ጫማ ማጣት የአፈር ሥራ አይደለም። ለትውልድ የቆየ ድህነት፣ ጠብቦ ጠብቦ ያለቀ መሬት፣ ገበሬን በየዘመኑ ያራቆተ ግብር ውስጡ አለ፤ የብዙ ሰው ፈቃድ እዚያ ውስጥ ገብቶበታል፤ የእሷ ግን የለበትም። ከዚያ ደግሞ ያ የተለየ ጣሳ አለ። እብጠቱን ማንም አልመረጠውም። ጣሳውን የለየችው እጅ ግን መርጣለች። አግዳሚ ወንበሩን የለቀቀው ሰው መርጧል፤ ሽማግሌ ያልላከው አባት መርጧል፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የጠየቀችው ጎረቤት መርጣለች። የሰው ነጻ ፈቃድ በዚህ ታሪክ ውስጥ የት እንዳለ ስፈልግ የማገኘው እዚያ ነው፤ በሽተኛዋ ዙሪያ በቆምነው በእኛ ዘንድ። ይህን አንድ ነገር ነው ልነግራችሁ የተነሳሁት።

ስለ አፈር ካነሣን ያን ሐምሌ መዝለል አልችልም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ከወላይታ ማዶ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ላይ ዝናብ የጠገበ ተራራ ተናደና ቤቶችን ዋጠ። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ሮጠ። ጎረቤት ሮጠ፣ አስተማሪ ሮጠ፣ የጤና ባለሙያ ሮጠ፣ የአካባቢው አስተዳዳሪ ሮጠ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ጭቃውን ይዝቅ ጀመር። እነሱ አጎንብሰው ሲቆፍሩ ተራራው ዳግመኛ ወረደባቸው። የሞተው ሰው ከ200 በላይ ሆነ፤ በአገር ደረጃ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ በራሷ በወላይታ፣ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ እንዲሁ መሬት ተንዶ ሰው ገደለ።

ቤታቸው ውስጥ የተቀበሩትን ማን በድሎ ነው የሚል ካለ በሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውን 18 ሰዎች ያስታውስ፤ ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለነበሩ አልነበረም ተብሎ ተነግሮታል። እ.ኤ.አ. በ1755 ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ቀኑ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር፤ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሳለ ጣራው ወረደበት። በአውሮፓ ፈላስፎቹ ለዓመታት ተከራከሩበት። የከንቾው ግን ከሊዝበን ይልቅ ያንገበግበኛል። ሁለተኛው ናዳ የወሰደው መልካሙን የመረጡትን ነው። ፈቃዳቸውን ልክ ፈጣሪ ይወዳል በተባለው መንገድ ተጠቅመው፣ ያንኑ ሲያደርጉ ሞቱ። የነጻ ፈቃድ መልስ እዚህ ላይ ይነጥፋል። ደኑ መመንጠሩ፣ ዳገቱ መታረሱ፣ ሰዉ ሌላ መሬት አጥቶ ገደል ላይ መስፈሩ ምክንያቱን ያብራራ ይሆናል፤ ለምን እነዚያን፣ ለምን ያኔ ለሚለው ግን መልስ አይሆንም። መልስ አለኝ የሚል ሰው እዚያ ጭቃ አፋፍ ላይ ወጥቶ፣ ልጇን ለማውጣት የሮጠውን ባሏን ላጣች ሴት ይንገራት። እኔ አልደፍርም።

ኢዮብን ታውቁታላችሁ። ከእግሩ እስከ ራሱ ቆስሎ አመድ ላይ የተቀመጠው። ስለ ትዕግሥቱ ብዙ ተሰብኳል፤ ስለ ጩኸቱ ትንሽ ነው። መጽሐፉ ሙሉ ኢዮብ ይጮኻል፣ ይሟገታል፣ ፈጣሪን ፍርድ ቤት ይጠራል። ወዳጆቹ ደግሞ ስለ እግዚአብሔር ይከራከራሉ፤ ሳትበድል አልቀረህም፣ ልጆችህ በድለው ይሆናል፣ ንስሐ ግባ ይሉታል። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ሲናገር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በጠበቆቹ ላይ። ስለ እኔ ቅኑን የተናገረው ኢዮብ ነው ብሎ፣ 7 ወይፈንና 7 አውራ በግ ይዘው ወደዚያው ወደ ቁስለኛው እንዲሄዱና እሱ እንዲጸልይላቸው አዘዛቸው። ለምን መከራ እንደደረሰበት ግን ለኢዮብም አልተነገረውም። ይህን ክፍል በሶዶም በአዲስ አበባም በለቅሶ ላይ ሲሰበክ ብሰማ ደስ ባለኝ። «ለምን?» ብሎ የጮኸን ሐዘንተኛ አፍ የሚያስይዝ ሰባኪ ከኢዮብ ወዳጆች ጋር ነው የቆመው።

ወላይታ ላይ ታሪኩ እንደዚያው ተገልብጧል ብላችሁ ታምናላችሁ? በ1990 ዓ.ም. ገደማ ናታን ባርሎ የሚባሉ በኢትዮጵያ ረጅም ዘመን ያገለገሉ ሚሲዮናዊ ሐኪም ሶዶ ላይ እነዚህን እግሮች ማከም ጀመሩ፤ ሥራው አድጎ የዝሆኔ ሕክምናና መከላከያ ማኅበር ሆነ፣ በየወረዳው ጣቢያ ከፈተ። በየሰፈሩ እየዞሩ የሚያስተምሩት ደግሞ አብዛኞቹ ራሳቸው ሕሙማን የነበሩ ናቸው።

ሕክምናውን አንድ ጊዜ ቆማችሁ ብታዩት አትረሱትም። ሳፋ ይቀርባል። ንጹሕ ውኃ ውስጥ ጥቂት በረኪና ጠብ ይደረጋል። እግሩ በሳሙና ይታጠባል፤ በእጥፋቱ፣ በጉብታው መሃል፣ በየጣቱ ጎን፣ ቀስ ተብሎ። ከዚያ ሳፋው ውስጥ ተዘፍዝፎ ይቆያል። ወጥቶ በደንብ ይደርቃል፤ በተለይ በጣቶቹ መካከል፣ እርጥበት እንዳይቀር። የተሰነጠቀው ቆዳ እንዲለሰልስ ቫዝሊን ይቀባል፤ ያበጠው ከታች ወደ ላይ በፋሻ ይጠቀለላል፤ ማታ እግር ከፍ ተደርጎ ይተኛል። ካልሲና ጫማ ይከተላል፤ እግሩ ገበያ ካለው ጫማ ካለፈ በልኩ ይሰፋል። ሽታው በቀናት ውስጥ ይጠፋል። እብጠቱ በወራት ይቀንሳል፤ የጠጠረው ሁሉ ባይመለስም ሰውየው ይራመዳል፣ ያርሳል። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህን የመሰለው ቀላል እንክብካቤ ያን የሚጥል ትኩሳት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገን ሰው ደግሞ በሽታው አይደርስበትም።

አንዲት እናት የልጇ እግር ማበጥ ሲጀምር ከእነዚህ አስተማሪዎች ወደ አንዷ ሴት ዘንድ ትመጣለች እንበል። ልጇን ከኋላዋ ደብቃ፣ በር ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ ምን በድለን ነው?» ትላለች። ሴትዮዋ የገዛ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ካልሲዋን ታወልቃለች፣ ያ ሁሉ ዓመት የደበቀችውን እግሯን ዘርግታ ታሳያታለች። ልጅቷን ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ሳፋውን ሳብ እያደረገች ወደ እናትየዋ ቀና ትልና፣ «ሌሎቹ ልጆችሽ ጫማ አላቸው?» ብላ ትጠይቃታለች።